«በጀት የለንም፣ ግን ሰርተፍኬት አለን»፦ ነፃና ተከፋይ መድረክን አቻችሎ ለመሥራት

ሐሙስ ማታ ነው። ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከወራት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ የተዋወቅኩት ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ብቻ ስጠን። ለወጣቶች የሚቀርብ ንግግር ነው። በጀት የለንም፣ ግን ሰርተፍኬት አዘጋጅተናል።»

«እሺ፣ ችግር የለም» አልኩ። አስቤበት አይደለም። መልሱ ድሮም ምላሴ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሌላ ስልክ መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ለቅዳሜ ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፣ አሰልጣኙ ታሟል፣ ሰው ይፈልጋሉ። ክፍያው የወር ቤት ኪራዬን ይሸፍናል። «ቃል ገብቻለሁ፣ አልችልም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ትንሽም ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን አጭር መልእክት ገባ፦ «በአዳራሽ ችግር ምክንያት ፕሮግራሙ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ቅዳሜን ቤቴ ሶፋ ላይ አሳለፍኩት። ሰውየውን ብዙም አልተቀየምኩትም። የተናደድኩት በራሴ ነው። እሺ ያልኩት ወጣቶቹን ለመርዳት ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስንት እንደሆኑ፣ ከየት እንደሚመጡ እጠይቅ ነበር። አልጠየቅኩም። ይሉኝታ ነው እሺ ያሰኘኝ።

በመድረክ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ሥልጠና እሰጣለሁ፣ ንግግር አቀርባለሁ፣ አንዳንዴም መድረክ እመራለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተረዳሁት ነገር ይሄ ነው፦ ነፃ አገልግሎት ማንንም አያደኸይም። የሚያደኸየው ስልኩ በጮኸ ቁጥር አዲስ የሚወሰን ነፃ አገልግሎት ነው። ውሳኔው ከስልኩ በፊት ማለቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት አካሄድ ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ኑሮ ቀይሯቸው።

1. «አንድ ሰዓት ብቻ» ስንት ሰዓት እንደሚበላ ቁጠሩ

በአንድ የኅዳር ቅዳሜ ኮልፌ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች ንግግር አቀረብኩ። ነፃ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። የዚያን ቀን ግን ሰዓቴን በማስታወሻ ደብተር መዘገብኩ።

ከርዕሰ መምህሩ ጋር በስልክ፣ 40 ደቂቃ። ዝግጅት፣ 4 ሰዓት። መንገድ ደርሶ መልስ፣ 2 ሰዓት ተኩል። የክብር እንግዳው እስኪደርሱ ጥበቃ፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ንግግሩ፣ 1 ሰዓት። ካለቀ በኋላ በር ላይ ቆሜ ከወላጆች ጋር፣ 50 ደቂቃ። ደምሩት። 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይመጣል። የተጋበዝኩት ግን ለአንድ ሰዓት ነው።

እናንተም ሦስት መድረኮችን እንዲህ መዝግቡ። ከዚያ ወደ ብር እንለውጠው። ለምሳሌ ቤታችሁ በወር 60,000 ብር ይፈልጋል እንበል፤ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ እድር፣ ለግብር የሚቀመጥ፣ ሁሉም ገብቶ። በወር በእርግጠኝነት የምታገኙት ተከፋይ ቀን ደግሞ ስድስት ነው። 60,000 ለ6 ሲካፈል 10,000 ብር ነው። ይሄ የዋጋችሁ ወለል ነው። ከዚህ በታች የሠራችሁበት ቀን ከቤታችሁ የወጣ ቀን ነው።

ይህን የማሰላው ለመሰሰት አይደለም። ኮልፌ ስሄድ 10,000 ብር የሚያወጣ ቀን ይዤ እንደሄድኩ አውቃለሁ። የማላውቀውን ነገር ሰጠሁ ማለት አልችልም።

2. የዓመቱን ነፃ ቀን በመስከረም ወስኑ

በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙ ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። ለእኛ ለተናጋሪዎች እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። ሐሳቡን ግን መስረቅ ይቻላል። እድርም ቢሆን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መዋጮው የታወቀ ነው፤ በየወሩ «ዘንድሮስ ስንት ላዋጣ?» ብሎ የሚጨነቅ የለም።

የእኔ ኮታ በዓመት 12 መድረክ ነው። 10ሩን አስቀድሜ አስይዛለሁ። 2ቱን ለድንገተኛ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰፈር ውስጥ አደጋ ይደርሳል፣ አንድ ትምህርት ቤት ችግር ይገጥመዋል፣ «ኮታዬ አልቋል» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

12ቱን ለ12 ወር እኩል ማካፈል ግን ስህተት ነው። የኛ ገበያ ወቅት አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልተጠቀሙበት የሥልጠና በጀት ያለባቸው ቢሮዎች ይደዋወላሉ። በፈረንጆች ዓመት የሚሠሩ ድርጅቶች ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይቻኮላሉ። በእነዚህ ወራት ነፃ ቀን አላስይዝም፤ የኮልፌውም ኅዳር ላይ የገባው ከድንገተኛዎቹ አንዱ ስለነበረ ነው። ጥርና የካቲት፣ እንዲሁም ክረምቱ፣ ለነፃ ይመቻሉ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ቢዘጋም የበጎ ፈቃድ ወጣቶች በየወረዳው አሉ።

በሳምንቱም ውስጥ ቢሆን እንደዚያው ነው። ተከፋይ ሥልጠና አብዛኛው በሥራ ቀን ነው፤ ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ሆቴል ውስጥ። ስለዚህ ለነፃ መድረክ የምሰጠው ቅዳሜን ወይም እሑድን ነው። የመጀመሪያው ታሪኬ ላይ ያለው የቅዳሜ ተከፋይ ሥራ እንግዲህ የዕድል ጉዳይ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ኮታው ሊሰፋ ይችላል። ነገር ግን ልምምድና አገልግሎት አታምታቱ። ልምምድ ከፈለጋችሁ ቶስትማስተርስ የሚባለው የንግግር መለማመጃ ክለብ ግቡ። በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ አዲስ አበባም ክለቦች አሉት። እዚያ ብትንተባተቡ ሰው አብሯችሁ ይማራል። ከሥራ ቀርተው ንግግራችሁን ሊሰሙ የመጡ እናቶች ፊት ግን ተዘጋጅታችሁ ነው መቅረብ ያለባችሁ።

3. ደቦ ነው፣ ወንፈል ነው፣ ወይስ ሌላ?

ገጠር ያደገ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ደቦ ሲጠራ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ ጠላውንና ምግቡን ያዘጋጃል፣ አብሮም ያጭዳል። ወንፈል ግን ሂሳብ አለው። ዛሬ አንድ ቀን ከሠራሁልህ ነገ አንድ ቀን ትሠራልኛለህ። ሁለቱም ገንዘብ የለባቸውም፣ ሁለቱም የተከበሩ ናቸው።

የሚመጣልኝን ግብዣ ሁሉ በዚህ እለያለሁ። የሰፈር የሴቶች ቁጠባ ማኅበር ከጠራኝ ደቦ ነው። ሁሉም ያለውን ይዞ መጥቷል፣ እኔም ያለኝን። አንድ የቪዲዮ ባለሙያ ወዳጄ ለሠራተኞቹ እንድናገርለት ከጠየቀኝና እሱ ደግሞ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ከሠራልኝ ወንፈል ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ስም የለውም። ሁሉም ተከፍሎት እኔ ብቻ ደቦ የወጣሁበት ነው።

አንድ ጊዜ ቦሌ አካባቢ ያለ ሆቴል ተጋበዝኩ። «የማኅበረሰብ ግንዛቤ ማስጨበጫ» ነበር የተባለው። በጀት የለም ተብያለሁ። ስገባ ባነሩ ከግድግዳ ግድግዳ ነው። የሻይ ሰዓት ሁለት ጊዜ፣ ምሳው ቡፌ፣ ተሳታፊው ስሙ የታተመበት ቦርሳ ይዟል። አርባ አምስት ደቂቃ ተናገርኩ። ስጨርስ የካሜራው ልጅ ገመዱን እየጠቀለለ «አሪፍ ነበር ጋሼ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እኛን እንኳን ቀብዱን ቀድመው ነው የሰጡን፣ ለእርስዎስ ከፈሉ?» አለ። እኔ እጄ ላይ ሰርተፍኬት ነበር። የአባቴ ስም ደግሞ ተሳስቷል።

በጀቱ ነበር ማለት ነው። ተናጋሪው ብቻ በጀቱ ውስጥ አልነበረም። ይሄን ሰዎቹ በክፋት ነው ያደረጉት አልልም። ምግብ ያለ ገንዘብ እንደማይገኝ ያውቃሉ፤ ተናጋሪ ግን ያለ ገንዘብ ሲገኝ አይተዋል። ያሳየናቸው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ለማንም እሺ ከማለቴ በፊት እነዚህን እጠይቃለሁ፦

- አዳራሹ ኪራይ ነው ወይስ የራሳችሁ? ምግብ አለ?
- ሌሎች ተናጋሪዎች፣ መድረክ መሪው፣ የድምፅ ባለሙያው ይከፈላቸዋል?
- ታዳሚው መግቢያ ይከፍላል? ስፖንሰር አለ?
- የሚመጡት እነማን ናቸው? ምን ሊያደርጉበት ነው?

አራተኛው ላይ «ብዙ ሰው ይመጣል» ካሉኝ መልስ አልሆነልኝም። 400 ሰው የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ተናግሬ ማንም ሳይሰማኝ ወጥቻለሁ። 18 ሴቶች ባሉበት የቁጠባ ማኅበር ደግሞ አንዷ እጇን አውጥታ «እንግዲህ ባሌ ብሩን ከጠየቀኝ ምን ብዬ ነው የምመልሰው?» አለች። የቀረውን ሰዓት በሙሉ በዚያች ጥያቄ ላይ ዋልን። ያዘጋጀሁትን ስላይድ አልከፈትኩትም፤ ለነገሩ መብራትም አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቢጠራችሁስ? ይሄን እኔ ኮታ ውስጥ አላስገባውም። ቤቴ ስለሆነ እሄዳለሁ፣ አልቆጥረውም። እናንተ እንደ እምነታችሁ።

4. ስልኩ ላይ አትወስኑ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ይሉኝታ የሚሠራው በድምፅ ነው። ሰውየው በመስመር ላይ እየጠበቀ እንቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። በመጀመሪያው ስልክ ለማንም እሺም እንቢም አልልም። የምለው ይሄን ብቻ ነው፦

«ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀኔን አይቼ ነገ ከምሳ በፊት እደውልላችኋለሁ። እስከዚያ ዝርዝሩን በቴሌግራም ላኩልኝ።»

በእርግጥ የፈለጉኝ ሰዎች ይልካሉ። «አንድ ሰዓት ብቻ» ብለው ዝርዝሩን መጻፍ የከበዳቸው አይልኩም። ከጥሪዎቼ ጥቂት የማይባሉት እዚህ ላይ ራሳቸው ይወድቃሉ፣ እኔም ማንንም አላስቀየምኩም።

በነጋታው መደወል ግን ግዴታ ነው። «እደውላለሁ» ብሎ መጥፋት እንቢ ከማለት የባሰ ነው። እንቢ ስልም አላስረዝምም፦

«የዘንድሮ የነፃ አገልግሎት ቀኖቼ ተይዘዋል። በዚሁ ርዕስ ጥሩ የምትናገር አንዲት ባልደረባ አለችኝ፣ ከፈለጋችሁ ላገናኛችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ከሆነ ጳጉሜን ላይ አስታውሱኝ።»

«ተይዘዋል» የምለው እውነት ስለሆነ ነው። ኮታ ያለው ሰው ሰበብ አይፈልግም። ታምሜያለሁ፣ ከከተማ ወጥቻለሁ ማለት አይኖርም። አዲስ አበባ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ «ሐዋሳ ነኝ» ባላችሁ ማግስት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትገናኛላችሁ። ደርሶብኛል።

ከባዱ የቅርብ ሰው ነው። የእድራችን ሰብሳቢ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የልጃቸው ልጅ ለሚሠራበት ድርጅት በነፃ ሥልጠና እንድሰጥ ጠየቁኝ። ድርጅቱ የግል ነው፣ ያተርፋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢጠሩኝ ሌሊትም ቢሆን እመጣለሁ» አልኳቸው። «እድሩ ከፈለገኝ ዛሬ ማታ ይቀጠር። ይሄ ግን የድርጅት ሥራ ነው፣ ቁጥሬን ለልጁ ይስጡልኝና እንነጋገር።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እውነትህን ነው፣ እነሱስ ምን አነሳቸው» ብለው ሳቁ። ልጁ ደወለ፣ ድርጅቱ ከፈለ። እድሩ ደግሞ በጥር ጠራኝ፣ ያንን በነፃ ሄድኩ። ሁልጊዜ እንዲህ ያልቃል አልላችሁም። ከአንዲት አክስቴ ጋር በዚሁ ጉዳይ ሦስት ወር ተኳርፈናል።

5. ወይ ሙሉ ዋጋ፣ ወይ ሙሉ ነፃ

«ትንሽ ቀንስልን» የሚባለው ነገር ከነፃውም ከተከፋዩም የከፋ ነው። 10,000 ብር የነበረውን በ3,000 ከሠራችሁ፣ ነፃ አገልግሎት ሰጠ ብሎ የሚያመሰግናችሁ የለም። ዋጋችሁ 3,000 ሆኖ ይቀራል። የግዢ ሰዎች ደግሞ ያለፈውን ክፍያ ከፋይል አውጥተው ነው የሚደራደሩት። ለጎረቤት ድርጅትም ይነግሩታል።

በጀታቸው በእርግጥ ትንሽ ከሆነ ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን እቀንሳለሁ። ሙሉ ቀን የነበረው ግማሽ ቀን ይሆናል፣ የጽሑፍ ሪፖርቱ ይቀራል፣ ወይም እነሱ ወደ እኔ ሰፈር ይመጣሉ።

ነፃ ስሠራ ደግሞ ዋጋው በወረቀት ላይ ይውጣ። ለእያንዳንዱ ነፃ መድረክ እንዲህ ያለ አጭር ደብዳቤ እልካለሁ፦

«ርዕስ፦ የቤተሰብ የገንዘብ አያያዝ። ጊዜ፦ 1 ሰዓት ንግግር፣ 30 ደቂቃ ጥያቄና መልስ። መደበኛ ክፍያ፦ 10,000 ብር። ለማኅበራችሁ የተደረገ ድጋፍ፦ 10,000 ብር። የሚከፈል፦ 0 ብር። ከእናንተ የሚጠበቅ፦ ትራንስፖርት፣ ማይክራፎን፣ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ።»

መጀመሪያ ስልከው አፈርኩ። የሚያፌዙብኝ መስሎኝ ነበር። ግን ማኅበሩ ደብዳቤውን ዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ «የተገኘ ድጋፍ» ብሎ አስገባው። ሰብሳቢዋም በመድረኩ ላይ ጮክ ብላ አነበበችው። ሰው የተሰጠውን ሲያውቅ በሰዓቱ ይመጣል፣ አዳራሹንም ያዘጋጃል። ያለ ደብዳቤ የሄድኩባቸው ላይ ነው ወንበር ስደረድር የተገኘሁት።

6. ከሰርተፍኬት ይልቅ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቁ

ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ያምራል። ሥራ ግን አያመጣም። ጨረታ ወይም የአሰልጣኝ ምልመላ ስትገቡ የሚጠየቀው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ነው። በድርጅቱ ወረቀት፣ በቀን፣ በቁጥር፣ በፊርማና በማኅተም። ርዕሱ፣ የተሳታፊው ብዛትና የሰዓቱ ርዝመት ይጻፍበት። ነፃ መሆኑ መጻፉ ምንም አይጎዳም።

ጊዜው ደግሞ ያን ቀን ነው። «ሰኞ ቢሮ ና ውሰድ» ካሏችሁ ሦስት ሰኞ ትመላለሳላችሁ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ሁሌም ፊልድ ነው። እኔ ረቂቁን ራሴ ጽፌ አስቀድሜ እልካለሁ፣ እነሱ ያትማሉ፣ በዕለቱ እቀበላለሁ።

ከደብዳቤው ሌላ፣ የሁለት ሦስት ደቂቃ ጥሩ ድምፅ ያለው ቪዲዮ ጠይቁ። ልጆች ወይም ችግራቸውን የሚናገሩ ሰዎች ካሉበት ግን ካሜራው ወደ እናንተ ብቻ ይዙር። የሰው እንባ ማስታወቂያ አይደረግም።

7. ተከፋዩን ጎን አጥብቁት

ነፃውን ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ብዙ ተናጋሪ የሚቸገረው ተከፋይ ነው ባለው ሥራ ውስጥ ነው። አንዳንዱን በአጭሩ ልለፈው።

አበል ክፍያ አይደለም። «ፐርዲየም እንሰጣለን» ሲሉ ለአልጋና ለምግብ የሚሆን ማለታቸው ነው። ክፍያው ስንት እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ።

ግብሩን ከዋጋው በፊት ተነጋገሩ። ድርጅቶች ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ቀንሰው ያስቀራሉ። የቅናሹን ደረሰኝ ተቀበሏቸውና አስቀምጡ፣ ግብር ስትከፍሉ ይታሰብላችኋል። ቲን ነምበር የሌለው ሰው ላይ የሚቆረጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ዋጋችሁ 15 በመቶውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም፣ መጀመሪያውኑ ይጻፍ። ይሄን ሳልጽፍ ቀርቼ 15 በመቶውን ከኪሴ የከፈልኩበት ቀን አለ።

ቀብድ ተቀበሉ። ለድግስ ቤት፣ ለካሜራ፣ ለዲኮር ቀብድ የሚከፍል ሰው ለተናጋሪ ሲሆን የሚገርመው ስላልተጠየቀ ነው። እኔ ግማሹን ቀኑን ሳስይዝ፣ ግማሹን ሥራው እንዳለቀ ብያለሁ። የመንግሥት ቢሮ ከሆነ ቀብድ አይሆንም፤ ያኔ ቢያንስ የተፈረመ ውል ወይም ደብዳቤ ይኑር። ቃል ብቻ ከሆነ ሐምሌ ይገባና «ያ በጀት ተዘግቷል» ይባላል።

እና ቀን ከተጋጨስ? ነፃውን ለተከፋይ ብዬ አልሰርዝም። ከሰረዝኩ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ የምሰማው ወሬ ከ10,000 ብር ይበልጣል። ግን ነፃ ፕሮግራም የማረጋገጫ ቀን አለው። ከሰባት ቀን በፊት አዳራሹና ሰዓቱ በጽሑፍ ካልተረጋገጠልኝ ቀኑ ተለቋል ብዬ አስቀድሜ እጽፍላቸዋለሁ። ያ ሐሙስ ማታ የደወለው ሰው ያስተማረኝ ይሄን ነው።

8. ከውጭ ሲጠሩ

የዋሽንግተን ወይም የአውሮፓ የኛ ሰዎች ማኅበር በዙም ንግግር ሲጠይቅ ደስ ይላል። አብዛኛው ነፃ ነው፣ አብዛኛውም እውነተኛ ደቦ ነው። እነሱም ከሥራ መልስ ነው የሚሰበሰቡት። ከኮታዬ ሁለቱን ለዚህ እመድባለሁ።

ሰዓቱን ግን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ዋሽንግተን በበጋቸው ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እሑድ «በሦስት ሰዓት» ካሏችሁ በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ ጠይቁ። በበጋ የእነሱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት የኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። እኔ አንዴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱፍ ለብሼ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጫለሁ። እዚያ ሌሊት ነበር፣ ሁሉም ተኝቷል።

9. ጳጉሜን ላይ ደብተሩን ክፈቱ

ደብተሬ ቀላል ነው። ቀን፣ ማን ጠራኝ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ በምን ተመለሰ። ተመለሰ የምለው የግድ ገንዘብ አይደለም። ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ተከፋይ ሥራ ያመራ ትውውቅ ሊሆን ይችላል። «ምንም፣ ግን ደስ አለኝ» የሚልም ረድፍ አለ፣ ብዙውን ጊዜ የቁጠባ ማኅበራቱ እዚያ ላይ ናቸው።

ከየመስመሩ ጎን አንድ ምልክት አደርጋለሁ። ደግሜ የምሄድበት፣ የማልሄድበት፣ ሌላ ሰው የምልክበት። ያላለቀ ኮታ ወደሚቀጥለው ዓመት አይዞርም። ከኮታው በላይ የሠራሁትም ከሚቀጥለው ዓመት አይቀነስም፤ 14 ከሆነ 14 ነው፣ የት ጋ እንዳመለጠኝ አየዋለሁ።

ባለፈው ጳጉሜን ስቆጥር 13 ነበር። ትርፉ አንዱ የማን እንደሆነ ፈለግኩ። የአክስቴ ነው። ከሦስት ወር ኩርፊያ በኋላ ሄጄ ሠርቼላት ነበር። ጎኑ ላይ «ዕርቅ» ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁ።